በአሥራ ሰባተኛው ጠርሙስ ያለው ልብ

ሳህሉ ለገሠ በሐረር ከተማ የሚታወቀው በሦስት ነገር ነው፤ በቀጫጭን ጣቶቹ፣ በጀርባው ጠባሳ፣ የገዛ ወንድሙንም ደረት ከፍቶ በማየቱ። የቀረው ታሪኩ እንደ ማናችንም ነው። ተወለደ፣ ክርስትና ተነሣ፣ ጾመ፣ ተመታ፣ መታ። ስለ መኳንንቱ የሚጽፍ ሞልቷል፤ በቅሎአቸው ስታነጥስ ሳይቀር የሚመዘግብላቸው አለ። ሳህሉ በቅሎ የለውም፤ ስለዚህ የእሱ ነገር ለእኔ ደረሰኝ።

አባቱ ከሸዋ ከዘመተው ሠራዊት ጋር መጥቶ ሐረር የቀረ ወታደር ነበር። ሲሞት ጠመንጃውንና ከከተማው ወጣ ብሎ ሶፊ የሚባል ቦታ ያለውን መሬት ለታላቁ ልጅ ለወልደ ጊዮርጊስ፣ የሰንጋ ማረጃ ካራውን ለሳህሉ አወረሰ። በእኛ አገር ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ ሰው ነው፤ ካራ የያዘ ግን ለዚያ ሰው ምሳ የሚያቀርብ ነው። ወልደ ጊዮርጊስ ሶፊ ላይ ገባር ሲገርፍ፣ ሳህሉ በየድግሱ በሬ ሲበልት አደጉ።

በ፲፱፻፲፩ ዓ.ም. ሁለት ፈረንጆች ከድሬዳዋ በሃያ በቅሎ ሣጥን ጭነው መጡ። ሐኪም ከሚባለው ጋራ ግርጌ ቤት ተከራዩና «የልብና የደም ሥር በሽታ መመርመሪያ» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። ከተማው ረጅም ስም ስለማይወድ «ልብ ቤት» አለው። ታላቁ ሙሴ ዴልማ የሰው ደረት በቱቦ ያዳምጣል፤ ታናሹ ያዳመጠውን እየሰማ ይጽፋል፣ ይሥላል። ሊያውቁ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ የዚህ አገር ብርቱ ወንድ በአርባ ዓመቱ ድንገት ተደፍቶ የሚቀረው ለምንድን ነው? እኛ መልሱን ከእነሱ በፊት እናውቅ ነበር። አንዱ ጠጅ ነው ይላል፣ አንዱ ጫት፣ አንዱ የሰው ዓይን። መልስ በሞላበት ከተማ ጥያቄ ይዞ መምጣት ራሱ ድፍረት ነው።

ልብ የሚቆርጥ እጅ ፈልገው ሳህሉን ቀጠሩት። መጀመሪያ የበሬ ልብ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ሥጋ ቤት እየገዙ ቆረጡ። ሙሴ ዴልማ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ልዩነት የለውም» አለ። ይህ ቃል ብቻውን ሊያስወግረው ይበቃ ነበር፤ ደግነቱ ሳህሉ ለማንም አላወራውም። ቀጥሎ የሰው ልብ አማራቸው። ዘመድ የሌለው ለማኝ ጀጎል በሚባለው የከተማው ግንብ ሥር ሲሞት ከጅብ ቀድመው ይደርሱና ልቡን አውጥተው በአልኮል ጠርሙስ ያኖሩታል። ጅብ እንኳ ልብ ለይቶ አይበላም፣ አለ ከተማው። በሦስት ዓመት አሥራ ስድስት ጠርሙስ ሞላ።

ወልደ ጊዮርጊስም ደረቱን እየወጋው ወንድሙ ዘንድ መጣ። ሙሴ ዴልማ ረጅም ጊዜ አዳመጠው፤ በሽተኛው ሲወጣም ሳህሉን ጠራና ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር እንደ በግ ፊኛ ተነፍቷል፣ ይህ ሰው የሚመጣውን ፋሲካ አያይም አለው። ለበሽተኛው አትንገር ሲልም አከለ። ሳህሉ ነገረ።

«ከበቅሎ ውረድ፤ አትሩጥ፤ አትጩህ፤ አትቆጣ።»

«ሳልቆጣ እንዴት እውላለሁ?» አለ ወልደ ጊዮርጊስ። «ሶፊ ላይ ያሉት ሰዎች የሞትሁ ይመስላቸዋል።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳህሉም ቢሆን በሬ የሚያህል ወንድሙን እያየ የፈረንጅ ቱቦ ሊያምን አልቻለም።

በጥቅምት ፲፱፻፲፬ አንድ ማክሰኞ ወልደ ጊዮርጊስ በበቅሎ ተቀምጦ፣ ወታደር ጓደኞቹን አስከትሎ በኤረር በር ገባ። ከበሩ ወዲያ ያለው መተላለፊያ ሁለት አህያ ቢገናኙበት አንዷ የኋሊት የምትመለስበት ነው። እዚያ በድሪ የሚባል መጽሐፍ ጠራዥ የፍየል ሌጦ ግድግዳ ሥር አስጥቶ፣ የእንጨት መዶሻውን ይዞ ሌላ ቆዳ ይወቅጥ ነበር። በቅሎዋ የተሰጣው ላይ በአራት እግሯ ቆመች።

«ጌታው፣ ወርደህ በእግርህ እለፍ። ይህ የመጽሐፍ ልባስ ነው» አለ በድሪ።

«የሞተ ፍየል ነው።»

«ሞቶም ከበቅሎህ ይሻላል። እሱ የሚሸከመው ቁም ነገር ነው፤ በቅሎህ የተሸከመችውን ግን አያለሁ።»

በዙሪያው ያለ ሰው ሳቀ። ወታደር ጥይት ይችላል፤ ሳቅ አይችልም። ወልደ ጊዮርጊስ ወርዶ በአለንጋው የበድሪን ጉንጭ ቀደደው። ደገመው፣ ዓይኑን ለጥቂት ሳተው። ሊሠልስ ሲነሣ በድሪ በያዘው መዶሻ ደረቱን አንድ ጊዜ መታው። ወልደ ጊዮርጊስ ዕቃ ረስቶ እንደ ወጣ ሰው ቆም አለና ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ከዚያ በሌጦው ላይ በግንባሩ ተደፋ።

ጓደኞቹ እኩሌቶቹ በቃሬዛ አንሥተው ልብ ቤት አደረሱት፤ ሲደርስ ሞቶ ነበር። እኩሌቶቹ በበድሪ ላይ ወረዱ። ሁለት ጥርሱን አረገፉ፣ የግራ እጁን ጣቶች በገዛ መጥረዣ እንጨቱ ጨፈለቁ፣ ሱቁን ገለበጡ። ሚስቱ መብሩካ ከእሳት ያወረደችውን የፈላ ሙጫ ባንደኛው ወታደር እግር ላይ ደፋችበት፤ ያ ሰው ዛሬም ሲያነክስ «ጦር ሜዳ ቆስዬ ነው» ይላል።

ልብ ቤት ውስጥ ሳህሉ በወንድሙ ሬሳ ራስጌ ቆሞ ሙሴ ዴልማን «ልክፈተው» አለው። ፈረንጁ ሊለምነው ያሰበውን ራሱ ስላቀረበለት ደስ አለው። ሳህሉ ግን ለፈረንጁ ብሎ አልነበረም። የጎድኑን ስብራት በዓይኑ አይቶ ዳኛ ፊት ሊምል፣ በድሪም እንዳያመልጥ ሊያደርግ ነበር። በጥላቻ ካራ አነሣ፣ በጥላቻ ቀደደ።

ጎድን አልተሰበረም። ቆዳው ላይ የእንቁላል ያህል መቅላት አለ፤ ከሥሩ ሥጋው ደህና ነው። ልብ የተቀመጠበትን ከረጢት ሲነካው ጥቁር ደም እጁ ላይ ዘለለ። ትልቁ የደም ሥር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ፣ መዶሻው ባልደረሰበት በጀርባው በኩል ተተርትሯል።

«በሳል ይፈነዳ ነበር» አለ ሙሴ ዴልማ። «በደረጃ ይፈነዳ ነበር። በሳቅም።»

ሳህሉ ልቡን አውጥቶ አሥራ ሰባተኛው ጠርሙስ ውስጥ ከተተው። ደረቱን በጥጥ ሞልቶ ሰፋ፣ ገነዘ። እናቱ ወይዘሮ ወለተሥላሴ መጥታ የልጇን ግንባር ሳመች፤ ሬሳውም ጥጥ ይዞ ተቀበረ። ሳህሉ ምን ይበል? «እማዬ፣ ቀድጄ አየሁት፤ ገዳይ የለውም» ይበል?

ሕጉ ደግሞ ዝም የሚያሰኝ አልነበረም። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪወጣ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይቆራኛሉ። እስር ቤት መሥራት ስለሚያደክም ከሳሹን ራሱን እስር ቤት አደረጉት። የሟች የቅርብ ዘመድ ሳህሉ ነውና ቀኝ እጁ ከበድሪ ግራ እጅ ጋር ታሰረ። ነፍስ አጥፍቷል ተብሎ ከተፈረደበትም ገዳይ በገደለበት ይሞታል፤ የሚገድለውም ደመኛው ነው። ስለዚህ ሳህሉ ያን የእንጨት መዶሻ ይዞ፣ በድሪ እስኪሞት ድረስ ደረቱን ሊወቅጥ ነው። መዶሻው ዳኛው ዘንድ ተቀምጧል።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ጥቁር ለብሳ፣ ራሷን ተላጭታ መደብ ላይ ተቀመጠች። «ደሙን ሳትመልስ ከእኔ ቤት እህል አትቀምስም» አለችው። በሦስተኛው ቀን ዘነዘና አምጥታ እግሩ ሥር ጣለች።

«በዚህ ተለማመድ። ክብደቱ ያው ነው።»

እህል ስለ ተከለከለ የበላው የበድሪን ሚስት ቂጣ ነው። መብሩካ በየጠዋቱ ወደ ወለተሥላሴ ግቢ ትመጣለች፤ ለባሏ ትቆርሳለች፣ ለሳህሉ ትቆርሳለች።

«ብላ» ትለዋለች። «ባሌን በባዶ ሆድህ ስትመታ እጅህ ዝሎ እንዳታሠቃየው።»

ከሰዓት በኋላ የሟቹ ጓደኞች ይመጣሉ። ዱላ ይዘው ነው፤ ራሳቸው ግን አይመቱም፣ ዱላውን ለሳህሉ ያቀብሉታል። ወንድሙ የሞተበት ሰው እንዴት እንደሚመታ ማየት ይፈልጋሉ። ሳህሉ በግራ እጁ ይመታል፤ በድሪ ሲወድቅ ሰንሰለቱ እሱንም ይጥለዋል፣ ወድቆም ይመታል። «ጎበዝ» ይሉታል። ዕድሜ ልኩን ጎበዝ ያለው ሰው አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

በድሪ አምስት ጊዜ ይሰግዳል። ሲጎነበስ ሳህሉም ይጎነበሳል፤ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ ሳህሉ በአራት እግሩ ይቆማል። የእናቱ ጎረቤት ገላነሽ በአጥር አሻግራ «ሳህሉ፣ አዲሱን ስምህን ማን አሉህ?» ትለዋለች። እሑድ ሳህሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሁለቱም ከደጀ ሰላሙ ውጭ ይቆማሉ። አንዲት ባልቴት በድሪን ለማኝ መስሏት ቁራሽ ሰጠችው።

«ለነፍሰ ገዳይ ነው የሰጡት፣ እናቴ» አላት ሳህሉ።

«ታዲያ ገዳይ አይርበውም?» አለችና ሄደች።

በዘጠነኛው ቀን ከልብ ቤት መልእክት መጣ፤ አልኮሉ ተንኖ ጠርሙሶቹ ጎድለዋልና ሳህሉ መጥቶ ይሙላ። በድሪም ተጎትቶ አብሮ ሄደ። ሳህሉ መደርደሪያውን ከአንድ ጀምሮ እየሞላ አሥራ ሰባተኛው ዘንድ ሲደርስ እጁን መልሶ ሳበ። ሰንሰለቱ ለበድሪ ነገረው።

«ይህ የማን ነው?»

ሳህሉ አልኮሉን መሙላት ቀጠለ።

«የማን ነው አልሁህ?»

«የወንድሜ።»

በድሪ ቀረብ ብሎ አየ። ዕድሜውን ቆዳ ሲመረምር የኖረ ሰው ነው፤ የሳሳና የተተረተረ ነገር ማን ያሳየው ብላችሁ ነው። «ይህ በምት አልተቀደደም» አለ ቀስ ብሎ። «ሕመም በልቶት ኖሯል። ውስጡን በልቶት።»

«አዎን።»

«መቼ አየኸው?»

«በሞተ ዕለት።»

«ዘጠኝ ቀን ስትመታኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

በድሪ ሰንሰለቱን በሳህሉ አንገት ላይ ጠመጠመ። ጣቶቹ በተጨፈለቁት እጅ አንዱን ጫፍ፣ በደህናው ሌላውን ይዞ ጉልበቱን ጀርባው ላይ ተክሎ ሳበ። የሳህሉ ፊት ጠቆረ፣ ምላሱ ወጣ፣ እግሩ መደርደሪያውን ይረግጥ ጀመር። ሙሴ ዴልማ ከጓዳ ሮጦ ወጣና «ጠርሙሱን፣ ጠርሙሱን ጠብቁ» አለ። ሳይንስ እንዲህ ናት፤ ቅድሚያ የምትሰጠውን ታውቃለች።

በድሪ ለቀቀው። ለርኅራኄ አይደለም። «ያ ረቢ» አለ ግድግዳውን ተደግፎ እየተንሸራተተ፤ «ይህን ውሻ ብገድለው ማን ይናገርልኛል?»

ሳህሉ ትንፋሹ ሲመለስ ሙሴ ዴልማን ለመነው። «ችሎት ይምጡና እርስዎ ይናገሩ። የፈረንጅ ቃል ይታመናል።»

«አልመጣም» አለ ሙሴ ዴልማ። አማርኛውን የተማረው ከሎሌዎቹ ነውና ለሁሉም «አንተ» ይላል። «ሬሳ እንደምንከፍት መንግሥት ካወቀ ቤቱ ይዘጋል። አንተም አትናገር። አንድ ሰው ይሞታል፤ እኛ ግን ለሺህ ሰው ነው የምንሠራው።»

ሺው ሰው ማን ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተነገረንም። አንዱ ግን እዚያው ጥርሱ ረግፎ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ችሎቱ በአሥራ አንደኛው ቀን ተቀመጠ። ሳህሉ ንጋት ላይ ሙሴ ዴልማ ሳይነሣ በልብ ቤት መስኮት ገባ፤ በድሪ ተከትሎ መግባት ነበረበትና ሲዘል ሰንሰለቱ የሁለቱንም አንጓ ላጠው። ጠርሙሱን በጋቢው ጠቅልሎ በግራ ብብቱ ያዘ። እየሄዱ በድሪ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ።

«ከጣልኸው አብረን ነው የምንሞተው። እኔ በመዶሻ፣ አንተ በእኔ ጥርስ።»

«ጥርስህ የት አለ?»

«የቀረኝ ይበቃሃል።»

ዳኛው ፊታውራሪ እንደሻው መዶሻውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ወለተሥላሴ በቀኝ፣ መብሩካ በግራ። ወታደሩ ከወዲህ፣ የጀጎል ሰው ከወዲያ፤ ሁሉም ዱላ ይዟል። ዳኛው ሳህሉን «ደምህን ምን ትላለህ?» ሲሉት ጋቢውን ፈቶ ጠርሙሱን ከፊታቸው አኖረው።

«ይህ የወንድሜ ልብ ነው፣ ጌታዬ። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ይህ ሰው መትቶታል፤ አልገደለውም።»

 ከዚያ ድንጋይ መጣ። የመጀመሪያው የሳህሉን ቅንድብ ከፈለው፣ ሁለተኛው በድሪን ትከሻው ላይ አገኘው፤ ወታደሩም የጀጎሉም ሰው እየወረወረ ስለነበር የማን የማንን እንደመታ አይታወቅም። ሳህሉ ጠርሙሱን ሆዱ ሥር አድርጎ ተጠቀለለ፤ በድሪ በላዩ ተኛበት። የዳኛው አሽከሮች በሰደፍ አራት ሰው ፈንክተው ጸጥ አሰኙ።

ዳኛው ሰው ልከው ሙሴ ዴልማን አስጠሩ። መልእክተኛው ተመልሶ «አሞኛል ብለዋል» አለ።

«ምኑን?»

«ሆዳቸውን፣ ጌታዬ።»

«ልቡን እንዳልሆነ አውቄአለሁ» አሉ ፊታውራሪ። ጥቂት አሰቡና የክርስቲያኑን ሥጋ ሻጭ ዓለሙን፣ የእስላሙንም ዐብዱልመሊክን አስመጡ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ በሚዛን፣ በቢላ፣ በውሻ፣ በሁሉም ነገር ተጣልተው የኖሩ ናቸው። ሁለቱም እጃቸውን ታጥበው ልቡን በየተራ አገላበጡ።

«የታመመ ነው» አለ ዓለሙ። «እንዲህ ያለ ከበሬ ሲወጣ ለውሻ እንጥለዋለን። ምት ሥጋውን ያጠቁራል እንጂ ሥሩን እንዲህ አያሳሳም።»

ዐብዱልመሊክ ጣቱን በተተረተረው አስገብቶ ቆየ። «ወላሂ፣ ከዚህ ሰውዬ ጋር መስማማት ያመኛል» አለ። «ግን እውነቱን ነው።»

ዳኛው ወደ ሳህሉ ዞሩ። «መዶሻው ባይነካው ያን ዕለት ይሞት ነበር?»

«ያን ዕለት አላውቅም፣ ጌታዬ። ያን ሰሞን ግን ይሞት ነበር።»

ፍርዱ ሲወርድ እንዲህ ነበር፦ የነፍስ ዕዳ የለም። በድሪ ለመታበት ሠላሳ ጅራፍ፤ ሳህሉ ለቀደደበት አርባ። አለንጋውን መጀመሪያ ላነሣው ለሟቹ ምንም አልተፈረደበትም፤ ሞት እንዲህ ያለ ጥቅም አለው። ሰንሰለቱ እንዲፈታ ግን ማንም ሳያስብ ቀረና እንደ ተቆራኙ፣ ፈረስ መጋላ በሚባለው አደባባይ በሆዳቸው ተዘረጉ፤ የገበያ ቀን ነበር። ገራፊው አንዱን ሲመታ ሌላው በሰንሰለቱ ይሳባል። በሃያኛው የሳህሉ ጀርባ ሥጋ ለጅራፉ መጣበቅ ጀመረ። በሠላሳ የበድሪ አለቀ፤ የቀረውን አሥር የሳህሉን ጩኸት ጆሮው ሥር ሆኖ ቈጠረለት። እያሳጠረ አልቈጠረም።

ቀጥቃጭ መጥቶ ሰንሰለቱን በመዶሻ ሲሰብረው በድሪ የተፈታ እጁን አየት አደረገና በቡጢ የሳህሉን አፍ መታው። ጥርስ ወለቀ።

«ይህ ስለ ዘጠኙ ቀን» አለ። «አሥረኛውንና አሥራ አንደኛውን ትቼልሃለሁ።» መብሩካ ደግፋ ወሰደችው።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ በዚያ ሁሉ መካከል ጠርሙሱን አንሥታ ሄዳ ነበር። ቄሱ መቃብር አልከፍትም ስላላት አፈሩን በጥፍሯ ቆፈረች። ወደ ቤት ስትመለስ ሳህሉ ግቢው ውስጥ በግንባሩ ተኝቷል። በአፈራሙ እጇ ቅቤና ጨው ይዛ፣ ሌጦ እንደሚፍቅ ሰው ጀርባውን አሸችው። እስኪጮህ አሸችው።

«ስትይዘው ይሞቅ ነበር?»

«ይሞቅ ነበር፣ እማዬ።»

«ምን ያህል?»

«ዶሮ ተኝታበት እንደቆየች እንቁላል።»

እጇን አቆመች። «ዘጠኝ ወር ከእኔ ልብ ሥር ሲመታ የኖረ ነው። አንተ ትኩሱን ያዝህ፤ እኔ በአልኮል የበሰለውን ቀበርሁ። የዚያን ሰው ነፍስ በማዳንህ አልረግምህም። ጀርባህ ሲድን ግን ውጣ።»

ጀርባው ሲድን ወጣ። ልብ ቤት አባረረው፤ በዓመቱም ቤቱ ራሱ ተዘግቶ ፈረንጆቹ አሥራ ስድስት ጠርሙስ ጭነው ወደ አገራቸው ሄዱ። የሬሳ ቀዳጅ እጅ የነካውን ሥጋ የሚበላ ሰው ስላልነበረ ለድግስ የሚጠራው ጠፋ። አንድ ጠዋት በኤረር በር መተላለፊያ ሄዶ ከበድሪ ሱቅ ፊት ቆመ። በድሪ ቀና አላለም።

«ምን ታውቃለህ?»

«ካራ።»

«ሌጦ ትፍቃለህ። መዶሻዬ አጠገብ አትደርስም።»

እነሆ አሥራ ሦስት ዓመት ሆነው ሲፍቅ። በድሪ በግራ እጁ መጥረዝ ስለማይችል ስፌቱን የሚይዝለት ሳህሉ ነው፤ ቀጫጭን ጣቶቹ እዚህም ጠቀሙ። ቀኑን ሙሉ አይነጋገሩም ማለት ይቻላል። መብሩካ ቂጣ ታመጣለች፤ «ብላ» ትላለች፣ የቀረውን አሁን አትጨምርበትም። በበሩ በኩል የበቅሎ ኮቴ ሲሰማ ግን ሁለቱም ሳይተያዩ ይነሣሉ፤ አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ ይዘው የተሰጣውን ሌጦ ይሰበስባሉ፣ ባለበቅሎውም ማን መንገድ እንደ ለቀቀለት ሳያይ ያልፋል።